አርባ ፊደል ላይ የቆመው መስመር

ጎረቤቴን ሁሉም ሰው እትዬ ኅዳግ ይላት ነበር። ኅዳግ በወረቀት ጠርዝ ላይ ሳይጻፍበት የሚተው ባዶ ቦታ ነው። ስሙን ያወጡላት ሠላሳ ዓመት በታይፒስትነት የሠራችበት መሥሪያ ቤት ባልደረቦች ናቸው። ደብዳቤ ስታዘጋጅ ከሁሉ በፊት የምትጨነቀው ለጠርዙ ነበር አሉ። አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁን "ጌታዬ፣ ሁለት ቃል ይቀንሱልኝ፣ መስመሩ ተንጋደደብኝ" ብላዋለች ተብሎ ይወራል። እውነት ነው ወይ ብዬ ስጠይቃት ተቆጣች።

"ውሸታሞች! አንድ ቃል ነው ያስቀነስኩት" አለችኝ።

የምንኖረው ባለ አንድ ፎቅ ቤት ላይኛው ደርብ ነው። ስድስት ክፍሎች በአንድ ረጅም በረንዳ ላይ ተደርድረዋል፤ የእኔ አምስተኛው ነው፣ የእሷ የመጨረሻው። በመካከላችን ያለው ግድግዳ ስስ ስለሆነ ሥራዋን በጆሮዬ አውቀዋለሁ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ኪቦርዱ መንጣጣት ይጀምራል፣ ስድስት ሰዓት ላይ ያቆማል፣ ስምንት ሰዓት ላይ ደግሞ ይቀጥላል። ጡረታ ከወጣች በኋላ ማመልከቻ፣ ውል፣ የተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ያገኘችውን ሁሉ እየተየበች ነበር የምትኖረው። ሰው ሲመጣባት ሥራ ይዞ ነው፣ ሥራው ሲያልቅ ይሄዳል። ክፍሏ ውስጥ ሁለተኛ ወንበር የገባው እኔ መምጣት ከጀመርኩ በኋላ ነው።

መጀመሪያ የሄድኩት የመድኃኒት ወረቀት ላስነብባት ነበር። ገና ስድሳ ስድስት ዓመቴ ነበር ያኔ።

"ምነው፣ ዓይንሽ አያይም?" አለችኝ።

"ዓይኔስ ደህና ነው፤ ፊደሉን ነው የማላውቀው።"

"እንግዲያው ግጥም ያልን ነን። እኔ ፊደሉን አውቀዋለሁ፣ እምቢ ያለኝ ዓይኔ ነው።"

ቀልድ መስሎኝ ስቄ ነበር። በማግስቱ ግን በሬን አንኳክታ "ተማሪዬ፣ ነይ" አለችኝና ኮምፒውተሯ ፊት አስቀመጠችኝ። ፊደል የቆጠርኩት እዚያ ስክሪን ላይ ነው። የእሷ ዓይን እየደከመ ሲሄድ ፊደሎቹን እያሳደገቻቸው ሄደች። በመጀመሪያው ዓመት የባቄላ ፍሬ ያህሉ ነበር፤ በሦስተኛው ዓመት አንዱ ፊደል ጡጫዬን አከለ። ለእኔ እየቀለለኝ ነበር፤ ለምን እንደሚተልቁ የገባኝ ግን ዘግይቶ ነው። አንድ ቀን "ይኼ ምን ይላል?" አለችኝ። እየፈተነችኝ መስሎኝ ኮራ ብዬ አነበብኩላት። ፈተና አልነበረም፤ አልታይ ብሏት ነው።

አሠራሯ የራሷ ነበር። ደንበኛ "ይኼን አጥፊልኝ" ሲላት አታጠፋም። ቃላቱን መርጣ ታጠቁራለች፣ ሁለት ቁልፍ ትነካለች፣ ጽሑፉ ከስክሪኑ ላይ ይሰወራል፤ ፋይሉ ውስጥ ግን እንዳለ ነው። ሲታተም አይወጣም። ለምን እንደማታጠፋው የገባኝ አንድ እንጨት ነጋዴ የመጣ ጊዜ ነው። ለአማቹ ደብዳቤ ሲያስጽፍ "አንተ ዓይን አውጣ፣ ልጄን የሰጠሁህ ቀን እግሬ በተሰበረ" አለ። ጻፈች። ትንሽ ቆይቶ በረድ አለና "ይቅር፣ አውጪው" አላት። ደበቀችው። በማግስቱ ገና በሩ ላይ እያለ መጮህ ጀመረ።

"ያችን ትናንት ያልኳትን መልሺልኝ! ምን ነበር ያልኩት? ሌሊቱን ሙሉ ባስብ ባስብ እንደሷ ያለ ስድብ አልመጣልኝም!"

ሁለት ቁልፍ ነካች፣ ስድቡ ተመልሶ ወጣ። ሰውየው ከደስታው የተነሳ ሊስማት ምንም አልቀረው። በሦስተኛው ቀን መጥቶ መልሶ አስደበቀው።

የዚያን ቀን ነው አንድ ነገር ያየሁት። እኔ የማነበው በጣቴ እየተከተልኩ ነው፤ ጣቴ መስመሩ እስከሚያልቅበት ይሄዳል። በነጋዴው ደብዳቤ ላይ ሁሉም መስመር ጠርዝ ድረስ ሲሄድ አንዱ ግን መንገድ ላይ ቀረ። ከጎኑ ባዶ ቦታ ሞልቷል፤ ቀጣዩ ቃል ግን ወደ ታች ወርዷል።

"ይኼ መስመር ምነው ሰነፈ?" አልኳት።

ከት ብላ ሳቀች። "ጎበዝ! ሠላሳ ዓመት አብረውኝ የሠሩት ይኼን አያዩም ነበር።" ከዚያ አስረዳችኝ። የእሷ ፕሮግራም ያረጀ ነው፣ ከመሥሪያ ቤቱ ይዛው የወጣችው። ፊደሉን ሁሉ እኩል ቦታ ይሰጠዋል፤ እያንዳንዱን መስመር ስድሳ አምስት ድረስ ይቆጥርና ሊያልፍበት ሲል የመጨረሻውን ቃል ሳይሰነጥቅ ወደ ታች ያወርደዋል። ክፍት ቦታም ነጥብም ለእሱ እንደ ፊደል ነው። ሲቆጥር ታዲያ የተደበቀውንም ይቆጥራል።

"አግዳሚ ወንበር አስቢ" አለችኝ። "አምስት ሰው ይይዛል። ሦስት ሰው ተቀምጦ ታያለሽ። ሁለት ሰው ልታስቀምጪ ስትሄጂ 'ሞልቷል' ትባያለሽ። ለካ ሁለት የማይታዩ ሰዎች ተቀምጠዋል። አንዳንዱ ፕሮግራም የማይታየውን ዘሎ የሚታየውን ብቻ ይቆጥራል። የእኔው ጅል ነው፣ ለሁሉም ቦታ ይይዛል። ስለዚህ ከመታተሙ በፊት የተደበቀውን ለይቼ ወደ ሌላ ፋይል አወጣና መስመሩን እንደገና አስቆርጠዋለሁ።"

የነጋዴውንም እንዲያ አድርጋ ጠርዙን አስተካክላ ሰጠችው። እሱ ልዩነቱን አላየም፤ እሷ ግን አይታዋለች። ያኔ ገና ታይ ነበር።

ዘመድ የምትላት አንዲት ታላቅ እህት ነበረቻት፤ "እታለም" ትላታለች። የምትኖረው በአውቶቡስ የሰባት ሰዓት መንገድ በሚያስኬድ ሌላ ከተማ ነው። ሁለቱም በአንድ ክፍል፣ በአንድ ጠረጴዛ፣ በጽሕፈት መኪና ነው ሙያውን የተማሩት፤ እህቷም እስከ ጡረታዋ የአንድ መጋዘን ታይፒስት ነበረች። በየሁለት ወሩ ይጻጻፋሉ። ደብዳቤያቸው ግን የሌላ ሰው ደብዳቤ አይመስልም። አንዷ የላከችውን ሌላዋ በቀይ እስክሪብቶ አርማ ከመልሷ ጋር ትመልስላታለች። "እንደምን ሰነበትሽ" በሚለው ላይ ቀይ ክብ፣ "ናፍቀሽኛል" በሚለው ሥር ቀይ ሰረዝ። እትዬ ኅዳግ እነዚያን ወረቀቶች በካርቶን ታስቀምጣቸዋለች። አንዳንዴ አውጥታ "ይኸው፣ አራት ዓመት ሙሉ አንድም ቀይ የለም!" ትለኛለች፣ ትምህርት ቤት እንደምትሄድ ልጅ።

ኮምፒውተር ከመጣ በኋላ መስመር በስድሳ አምስት ፊደል እንዲሆን ተስማምተዋል። በስልክ አይነጋገሩም፤ ስልክ የሚደዋወሉት ሰው ሲሞት ነው።

የእህቷ ባል ሲሞት እህቷ "ነይና አብረን እንኑር፣ ቤቱ ሰፋኝ" ብላ ጽፋላት ነበር። በዓመቱም ደግማ ጻፈች። እትዬ ኅዳግ ሁለቱንም ጊዜ "ሥራ አለብኝ" ብላ መለሰች። ይኼን ስትነግረኝ የኪቦርዱን አቧራ በጨርቅ እየጠረገች ነበር። "ሥራዬን ትቼ የማን ቤት ጥገኛ ልሆን?" አለች። ቆየችና ደግሞ፣ "ቀዩን እስክሪብቶ ግን እንደ ልማዷ አልረሳችውም። 'ሥራ' የሚለውን አከበበችው። ስህተት አልነበረውም እኮ" አለች።

ባለፈው ዓመት ዓይን ሐኪም ዘንድ አብረን ሄድን። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ረጋ ያለ። የዓይኗ ግፊት ነርቡን ጎድቶታል፤ የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን ለማቆየት በቀን ሦስት ጊዜ ጠብታ ያስፈልጋል፣ ብቻዋን ደረጃ መውረድ የለባትም አላት።

"ቤት ውስጥ ማን አለ?"

"እሷ አለችኝ" ብላ ወደ እኔ ጠቆመች።

ሐኪሙ አየኝ። ሰባ ዓመቴ ነው፤ በትሬን ተደግፌ አንዱን ጉልበቴን እያሸሁ ተቀምጫለሁ።

"ሌላስ?" አላት።

የጠብታውን ወረቀት አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ከዚያ ወዲያ ሥራው እየቀነሰ መጣ። አንድ ተማሪ ጽሑፉ በስህተት ተሞልቶ ቢያገኘው ምንም ሳይናገር ይዞት ሄደ፤ ሌላ ታይፒስት ጋር ማስጻፉን ከሌላ ሰው ሰማን። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ኪቦርዱ ይጀምራል፣ ያቆማል፤ ለረጅም ጊዜ ዝም ይላል፣ አንድ ሁለቴ ጠቅ ጠቅ ይልና ያቆማል። እኔ ከግድግዳው ወዲህ እጄን አጣጥፌ እጠብቃለሁ። ጠብታውን በቀን ሦስት ጊዜ የምጨምርላት እኔ ነበርኩ። እጄ ስለሚንቀጠቀጥ አንዳንዱ ጉንጯ ላይ ይወርዳል፤ "አታልቅሺ" እላታለሁ፣ "ምን ላድርግ፣ አስለቀስሽኝ እኮ" ትለኛለች። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ስትንሸራተት ይዣት አብሬያት ወደቅኩ። ማንም አልተጎዳም። እዚያው ደረጃው ላይ ተቀምጠን ስንስቅ ቆየን። ከዚያ ሳቁ አለቀ። ሁለታችንም አልተነሳንም።

ለእህቷ የምትጽፍበት ቀን ደረሰ። አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። በልምድ፣ ጣቶቿን ሳታይ ነው የምትተይበው። እኔ ከኋላ ከኋላ እያነበብኩ እከተላለሁ። ሥራም አለ፤ ዓይኔ ትንሽ ደከም ብሏል እንጂ ደህና ነኝ ብላ ጻፈች። ቀጥሎ ሌላ ነገር ጻፈች። እኔ "እታለም፣ ል" የሚለው ላይ ስደርስ ጣቶቿ ቆሙ። ቃላቱን አጠቆረች፣ ሁለት ቁልፍ ነካች፣ ከፊቴ ተሰወረ።

"ምን ነበር?" አልኳት።

"ምንም። ተሳስቼ ነው።"

ለስህተትማ የመሰረዣ ቁልፍ አላት።

ቀጠለችና የጣራሽ ማፍሰስ ቆመ ወይ ብላ ጠየቀች፣ ስለ እህቷ ልጅም ጠየቀች፣ ጨረሰች። መስመሩን አስቆረጠችው፣ ፕሪንተሩ እያቃሰተ ወረቀቱን አወጣው። ወረቀቱን ተቀብላ ወደ መስኮቱ ዘወር አለችና ፊቷ ድረስ አስጠጋችው፣ አራቀችው፣ እንደገና አስጠጋችው። ከዚያ ሰጠችኝ።

"ተማሪዬ፣ እስኪ እዪልኝ። ጠርዙ ቀጥ ብሏል?"

አየሁት። ሦስት መስመር ሙሉ ነው። አራተኛው "የጣራሽ" ብሎ መንገድ ላይ ቆሟል። "ማፍሰስ" ታች ወርዳለች። ከአምስተኛው ጀምሮ ደግሞ ሁሉም ሙሉ ነው። የተደበቀውን ማውጣቱን ረስታዋለች፤ ወይም ወረቀቱን ስታየው ልታርመው አስባ አልታያትም። "አራተኛው ቀርቷል" ብላት ቁጭ ብላ ታስተካክለዋለች፣ እህቷም እንደ ወትሮው ሙሉ ደብዳቤ ይደርሳታል።

"ቀጥ ብሏል" አልኳት።

በዕድሜዬ ብዙ ውሸት አልዋሸሁም፤ ያችን ግን ዓይኗን እያየሁ ዋሸኋት። ዓይኗ ከእኔ ትንሽ ወደ ጎን ይመለከት ነበር።

ፖስታ ቤት የምሄደው እኔ ነኝ። የዚያን ቀን አልሄድኩም። በማግስቱም አልሄድኩም። ፖስታውን ትራሴ ሥር አድርጌ ሁለት ሌሊት ተኛሁበት። "እታለም፣ ል" ያለችው በምን እንደሚያልቅ ገምቼዋለሁ፤ እህቷ ያችን መስመር ካየች ምን እንደሚመጣም አውቀዋለሁ። የመጨረሻው ክፍል ባዶ ይሆናል። ልጆቼ ሩቅ ናቸው፤ ይደውላሉ፣ ድምፄን ሰምተው ደስ ይላቸዋል፣ ስልኩ ይዘጋል። ጠዋት ተነስቼ የምሄድበት በር የእሷ ብቻ ነው። መልሼ "ተሳስቻለሁ፣ መስመሩ ቀርቷል" ማለት እችል ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ግድግዳውን ሳዳምጥ ኪቦርዱ ጭራሽ አልጀመረም። ስገባ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች፤ የጠብታውን ብልቃጥ ክዳን ወለሉ ላይ ጥላው በእጇ እየዳሰሰች ስትፈልግ ነበር፣ እግሯ አጠገብ ወድቆ። አንስቼ ሰጠኋት። ከዚያ ፖስታ ቤት ሄድኩ።

ስልኳ የጮኸው ከአሥር ቀን በኋላ ነው፤ ከሰዓት በኋላ፣ ጠብታዋን እየጨመርኩላት ሳለ።

"ማነው? እዪልኝ።"

"እታለም ይላል።"

ፊቷ አመድ መሰለ። ድምፅ ማጉያውን ከፈትኩላት።

"ማን ሞተ?" አለች፣ ሰላምታም ሳትሰጥ።

"ማንም አልሞተም። የሞተው አራተኛው መስመርሽ ነው።" የእህቷ ድምፅ ሻካራ ነው፣ ሲጋራ የሚያጨስ ወንድ ይመስላል። "ወረቀቱን ይዤዋለሁ፣ ቀዩንም እስክሪብቶ ይዣለሁ፤ ምኑን እንደማከብ ግን ግራ ገባኝ። የተሳሳተ ፊደል የለም። መስመሩ አርባ ላይ ቆሟል።"

"አርባ ላይ?"

"'የጣራሽ' ብለሽ ቆምሽ። 'ማፍሰስ' አራት ፊደል ናት፤ ከክፍት ቦታዋ ጋር አምስት ጊዜ ትገባ ነበር። እናታችን በሞተችበት ሳምንት የጻፍሽልኝ እንኳ ጠርዙ አልተዛነፈም። ምን ሆነሻል?"

እትዬ ኅዳግ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። "ቀጥ ብሏል አላልሽኝም?" አለችኝ በሹክሹክታ።

በትሬን አየሁ።

"ከማን ጋር ነው የምታወሪው?" አለች እህቷ።

"ከተማሪዬ ጋር። ማሽኑ ነው እታለም፣ አርጅቷል።"

"ተይ እንጂ! የቱ ማሽን ነው ሃያ አምስት ፊደል የሚበላው?"

"ሃያ ሁለት ነው" አለች እትዬ ኅዳግ ቀበል አድርጋ፣ ደንበኛ እንደምታርም። "ሦስቱ የመስመሩ የራሱ ትርፍ ነው።"

ያለችው ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የገባት። እጇን ከንፈሯ ላይ አደረገች። በስልኩ ውስጥ ከሩቅ የሬዲዮ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ አንድ ሰው ዘጋው።

"ሃያ ሁለት" አለች እህቷ ቀስ ብላ። "እሺ። ሃያ ሁለቱን አንብቢልኝ።"

"አይታየኝም።"

"ደብቀሽዋል ማለት ነው?"

"ደብቄዋለሁ። ብገልጠውም አይታየኝም። ዓይኔ ትንሽ አይደለም የደከመው እታለም።"

በስልኩ ውስጥ ወንበር ሲሳብ ተሰማ። ከዚያ እህቷ፣ "ተማሪሽስ ማንበብ ትችላለች?" አለች።

"ትችላለች። ቀስ ትላለች እንጂ።"

እትዬ ኅዳግ ፋይሉን እንድከፍት ነገረችኝ፣ የሚነኩትን ሁለት ቁልፎች ነገረችኝ። ነካኋቸው። አራተኛው መስመር ላይ ቃላቱ በግራጫ ቀለም ብቅ አሉ፤ የተከተለው ቃል ተገፍቶ ወደ ጠርዙ ሄደ፣ መስመሩ ሞላ። ጣቴን አስቀመጥኩ። ስክሪኑን የሚያይ ከእኔ በቀር ማንም የለም። ሌላ ነገር ብዬ ማንበብ እችል ነበር፤ "ጣራውን አስጠግኚ" ብል ማን ያውቅብኛል?

"እ… ታ… ለም" አልኩ። "እታለም፣ ልም… ልምጣና… አብረን… እንኑር።"

እትዬ ኅዳግ ሁለት እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ወደ ግድግዳው ታይ ነበር። "ስትጠሪኝ አልመጣሁም" አለች። "ሁለት ጊዜ ጠርተሽኝ።"

"ሦስት ነው። ሦስተኛውን ጽፌ አልላክሁትም።" እህቷ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ እንደገና ጠረገች። "ደግሞስ ሃያ ሁለት ፊደል ምን ያደርጋል? 'ልምጣ' ሦስት ፊደል ነው።"

"ነጥቡን ብትቆጥሪ አራት።"

"ይኸው! ይቺ ናት የማውቃት!"

ሁለቱም ሳቁ፤ አንዷ ከስልኩ ውስጥ፣ አንዷ ከአጠገቤ። እኔ የጠብታውን ብልቃጥ ክዳን እያጠበቅሁ ነበር። ክዳኑ ጠብቋል፤ እኔ ግን አጠብቀዋለሁ።

ሐሙስ ዕለት የእህቷ ልጅ በትንሽ የጭነት መኪና መጣች፤ ትከሻዋ ሰፊ፣ ንግግሯ አጭር የሆነ ሴት ናት። ዕቃው በአንድ ሰዓት ተጭኖ አለቀ። አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ ካርቶን። እትዬ ኅዳግ ኮምፒውተሩን ልትተውልኝ ፈለገች፤ "የት አደርገዋለሁ፣ ያንቺ እጅ የለመደ ነው" ብዬ እምቢ አልኳት። ደረጃውን እኔና ልጅቷ በሁለት በኩል ይዘን አወረድናት። በየደረጃው "አንድ… ሁለት…" እያለች ትቆጥር ነበር። ታች ስንደርስ አሥራ ሰባት ሆነ።

"ዋሽተሽኛል እኮ" አለችኝ መኪናው ውስጥ ተቀምጣ፣ እጄን ይዛ።

"ዋሽቻለሁ።"

"አሁን ታዲያ ከማን ጋር ታነቢያለሽ?"

"ብቻዬን አነባለሁ። ትልቅ ሴት ነኝ እኮ።"

"ጮክ እያልሽ አንብቢ። በልብሽ ስታነቢ ቃል ትዘልያለሽ፣ አውቅሻለሁ።"

ልጅቷ ሞተሩን አስነሳች። እትዬ ኅዳግ እጇን አውጥታ አውለበለበች፤ እኔ ከቆምኩበት ትንሽ ወደ ግራ ነበር የምታውለበልበው። ወደዚያ ሁለት እርምጃ ተራመድኩና ቆምኩ።

ደረጃውን ለመውጣት ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ። አከራዩ የመጨረሻውን ክፍል አይቶ በሩን ሳይዘጋ ሄዷል። ወለሉ ላይ የጠረጴዛው አራት እግሮች የቆሙበት ቦታ ከሌላው ይልቅ ንጹሕ ሆኖ ይታያል። ሰማዩ ጠቁሯል፤ ነፋሱ መስኮቱን ይመታው ጀመር። ገባሁና መስኮቱን ዘጋሁት።